የመጨረሻው እጥፍ

«ሴትየዋማ የዚያኑ ዕለት ነው የሞተችው!» የሚለው የእንግዳቸው የሙጫው ድምፅ ማድ ቤት ድረስ ሲሰማ ሚጢጢ ሻይ እየቀዳች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ፤ ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑም ወደ ጠረጴዛው ፈሰሰ። ማድ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ በዚያ ቤት ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ተብሎ የሚነገር ነገር የለም። የሙጫው ድምፅ ደግሞ እንኳን ኮምፔርሳቶ የግንብ አጥርም አያቆመው። «ጭነት መኪና ገጭቷት! ድልድዩ ጋ! መታወቂያ አልያዘች፣ ምን አልያዘች፤ ማዘጋጃ ቤት ስሟ ያልታወቀ ብሎ ቀበራት። ባልየው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጥላኝ ሄደች፣ ከወንድ ጋር ኮበለለች እያለ ሲራገም ይኖራል! አቤት፣ አቤት የደራሲው ተንኮል!» አለና በረጅሙ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሚጢጢ የሚሏት እንዲሁ ነው እንጂ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት፣ ቁመቷም በማድ ቤቱ በር ጎንበስ ሳትል የማያሳልፋት ነው። በልጅነቷ የወጣላት ስም አብሯት ማደግ ስላቃተው እዚያው ቀረ። ስድስቱን ቀን ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና አመሻሹ ላይ ለአባቷ መጽሐፍ ታነባለች። አባቷ ሳምባው ታሞ አልጋው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ የነገራት ሌላ ሦስት ወር እንደማይሞላ ነው። ለአባቷ ማንም ምንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። እሁድ እሁድ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ሙጫውና አለቃ፣ ሊጠይቁት ይመጣሉ። የዛሬውም እሁድ እንደ ሌላው እሁድ የብርቱካን ከረጢት ይዘው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «እንዴት አደርክ ዝምታው» ብለው ነው የገቡት። ማተሚያ ቤት ሳሉ ለአባቷ ያወጡለት ስም ዝምታው ነው፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስቱም ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ማተሚያ ቤት ነው፤ አባቷ ማሽን ላይ፣ ሙጫው ጥረዛ ላይ፣ አለቃ ደግሞ የሁሉም ተቆጣጣሪ ሆኖ። መጽሐፍ እዚያ ቤት አንባቢ እጅ ላይ እንደሚሄደው ከአንደኛው ገጽ ተነስቶ አይሄድም። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ በትልልቅ ወረቀት ይታተምና ይታጠፋል፤ እነሱ «እጥፍ» ይሉታል። መጨረሻው እጥፍ ማክሰኞ ታትሞ መጀመሪያው ለዓርብ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ አንዱ መሃሉን፣ ሌላው ጫፉን እጁ በገባለት መጠን ያነብና ምሳ ሰዓት ላይ ያዋጡታል። «የኔ እጥፍ ላይ ልጅቷ አገባች» ይላል አንዱ። «የኔው ላይማ ፈታ አግብታ ወልዳለች» ይላል ሌላው። ከመካከላቸው አንድ መጽሐፍ በተራው፣ ከአንድ እስከ መጨረሻ ያነበበ አልነበረም፤ መጨረሻውን የማያውቁት መጽሐፍም አልነበረም። መጨረሻ መንገር ለእነሱ ለእንግዳ ወንበር እንደ መሳብ ያለ ደግነት ነው። ሙጫው አልጋው ራስጌ ላይ የተቀመጠውን፣ እስከ ዛሬ ልብ ያላለውን መጽሐፍ ሲያይ «እንዴ፣ ይሄንንማ እኔ ነኝ ያጣበቅሁት!» ብሎ ዘው ያለው በዚሁ ደግነት ነው። ደግነቱ ይቅርብን የሚያሰኝ ሰው በየቤቱ አይጠፋም፤ ለዚህ ቤት የደረሰው እሱ ነው።

ሚጢጢ ጠረጴዛውን ጠርጋ ትሪውን ይዛ ስትገባ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ሁለቱ እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድመዋል። አለቃ የወለሉን ሸክላ ይቆጥር ይመስል አንገቱን አቀርቅሯል። ሙጫው ብቻ ብርቱካኑን እየላጠ «ኪሎው ስንት ገባ መሰለሽ ልጄ፣ መቶ ሰማንያ! ስምንት ፍሬ እኮ ናት! እኛ በዚህ ዋጋ ዛፉን ነበር የምንገዛው» አላት።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ገና እያነበብነው እኮ ነበር» አለችው።

«ታዲያ ምን አለበት? እንዲያውም አሁን ነው የሚጥማችሁ! እኔ መጨረሻውን ሳላውቅ መጽሐፍ ጀምሬ አላውቅም፤ ሰው ሳያውቅ ምን ብሎ ይጨነቃል?»

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ የገዛ አፍህን አጣብቀው» አለ አለቃ ቀና ሳይል።

አባቷ ከመስኮቱ ዞረ። «እርግጠኛ ነህ?» አለ። «የዚያኑ ዕለት ነው?»

«በእነዚህ እጆቼ ያጣበቅሁት አይደል እንዴ! የመጨረሻው እጥፍ ነው። አንተስ ብትሆን እዚያው አልነበርክ?»

«እኔ ያተምኩት ሦስተኛውን ነው» አለ አባቷና ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የተወራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሙጫው ስለ ጉልበቱና ስለ አዲሱ ሐኪም ሲያወራ ቆየ፤ ስሙ ከሥራው የወጣለት ቢሆንም ከተቀመጠበት አልነሳ ስለሚልም ነው ይባላል። በመጨረሻ አለቃ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ሚጢጢ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው። ሙጫው ደረጃውን እየቆጠረ ሲወርድ አለቃ ወደ ኋላ ቀርቶ «አትቀየሚው ልጄ፤ ልቡ ንጹሕ ነው። የእናንተ ቤት ነገር ትዝ አላለውም» አላት።

«የእኛ ቤት ምን ነገር?» አለችው።

አለቃ አየት አደረጋት። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ተቆልፈው የነበሩትን ሳይቀር ፈታ እያደረገ እንደገና ቆለፈ፤ «ምሳ አብዪው» ብሏት ሄደ።

የቤታቸውን ነገር ሚጢጢ የምታውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷ ጥላቸው ሄደች። አባቷ ይህችን በአንድ ምሽት፣ እራት ላይ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ስለ እናቷ ከአፉ የወጣ ቃል የለም። ሚጢጢም አልጠየቀችም። መጀመሪያ ፈራች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ በኋላ ደግሞ ሥራ ያዘች። እናቷን በሆዷ ትረግማታለች፤ ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ሰልፍ ላይ ስትቆም፣ በተለይ ደግሞ የሌላ ሰው እናት ላውንደሪ ቤት መጥታ የልጇን ልብስ ስትረከብ። አባትና ልጅ በሁለት ክፍል ውስጥ «ጨው ጨምሪ»፣ «በሩን ቆለፍከው?»፣ «ዝናብ መጣ» እየተባባሉ ኖሩ። ጠብ የለም፤ ጨዋታም የለም።

መጽሐፉን ያስመጣው አባቷ ራሱ ነው። አልጋ ላይ በዋለ በሦስተኛው ሳምንት አለቃን ጠርቶ «ያ መጽሐፍ ይገኝ ይሆን? ሴትየዋ ጠዋት ወጥታ የምትቀርበት» አለው። ማተሚያ ቤት ሳለ ሦስተኛው እጥፍ በእሱ ማሽን ላይ አልፏል፤ ሴትየዋ ከቤቷ የምትወጣው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን አንብቦም ሰምቶም አያውቅም። አንድ መጽሐፍ እንኳ በተራው ሄጄ መጨረሻው ላይ ልድረስ፣ አለ። ሚጢጢ ማንበብ ጀመረች፤ በቀን አሥር ገጽ፣ ሳሉ ጋብ ሲልለት አሥራ ሁለት። ታዲያ ያ ድፍን ሰውዬ መናገር ጀመረ! በየምሽቱ መጽሐፉ ሲዘጋ ሴትየዋ ለምን እንደሄደች ግምቱን ይሰጣል። በመጀመሪያው ሳምንት «ሌላ ሰው ወዳ ነው» አለ። በሁለተኛው «ወላጆቿ ናፍቀዋት ነው» አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ ጣሪያውን እያየ «ባልየው ዝም ይላት ነበር። ሰው ከግድግዳ ጋር አይኖርም» አለ። ሚጢጢ ያን ቀን መጽሐፉን የዘጋችበትን ገጽ ምልክት ማድረግ ረስታ በነጋታው ሩብ ሰዓት ሙሉ ፈለገችው። ሐሙስ ዕለት፣ ሃምሳ ገጽ ያህል ሲቀራቸው፣ እጇን ያዝ አደረገና «ሴትየዋ ተመልሳ ለምን እንደሄደች ስትናገር እኔም ስለ እናትሽ የምነግርሽ አለኝ» አላት። ሚጢጢ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ሙሉ የተኮሰችው የማን ልብስ እንደሆነ አታውቅም። አንድ የሙሽራ ልብስ እጅጌ ላይ ካውያ አስቀምጣ ረስታ ለጥቂት ነው ያተረፈችው።

አሁን ምሳ ቀረበ፤ አባቷ አልበላም። ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ከላይኛው ፎቅ የጎረቤት ራዲዮ ይሰማል። ያ የሃያ ስድስት ዓመቱ ዝምታ ሁለት ወር ውጭ ከርሞ የገዛ ወንበሩ ላይ ተመልሶ የተቀመጠ ያህል ሆነ።

«አባዬ፣ ጋሼ ሙጫው እኮ ከሌላ መጽሐፍ ጋር አምታቶት ነው» አለችው።

«ሙጫው የልጆቹን ስም ያምታታል» አለ። «ያጣበቀውን አያምታታም። ሳህኑን አንሺው።»

ሚጢጢ ሳህኑን አነሳች፤ መጽሐፉንም ከራስጌው ወስዳ ማድ ቤት ገባች። የመጨረሻውን እጥፍ ቆማ አነበበችው። ሙጫው እንዳለው ነው፤ ጭነት መኪናው፣ ድልድዩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁሉም አለ። መጽሐፉ ውስጥ ግን ሳቅ የለም። ሴትየዋ ለልጇ ሽሮፕ ልትገዛ ነበር የወጣችው። ይህን ሙጫው አልተናገረም፤ ምናልባት አላነበበውም፣ ምናልባትም አንብቦት ረስቶታል። ሚጢጢ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። ሙጫው ላይ የተናደደችው መናደድ ብርቱካኖቹን ከነከረጢታቸው በመስኮት ለመወርወር የሚያበቃ ነበር። እነሱ በአሥር ገጽ፣ በአሥር ገጽ፣ ተያይዘው ሊደርሱበት የነበረውን ቦታ ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ወርውሮባቸው ሄደ። ከሁሉ የቆጫት ሴትየዋ መሞቷ አይደለም፤ አባቷ አሁን አፉን እንደማይከፍት ማወቋ ነው። ሳምባው ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አያስጀምረውም።

አሥር ሰዓት ገደማ ፊቷን ታጥባ ወጣችና ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። «የቀረንን ላንብብልህ» አለችው። አትጀምሪ አላላትም። ሚጢጢ መጽሐፉን ገለጠች፣ ዓይኗን ገጹ ላይ ተከለች፣ እዚያ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ሴትየዋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወረደች አለች። ፀጉሯ ሸብቷል። አንገትጌው ስታርች የተደረገ፣ እጅጌው ላይ የካውያ መስመሩ ቀጥ ብሎ የወረደ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። የድሮ ሰፈሯን መንገድ ሳትጠይቅ አገኘችው።

«ደራሲው ካውያ ያውቃል እንዴ?» አለ አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሚጢጢ ያልሰማች መስላ ቀጠለች። ሴትየዋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ለማንኳኳት እጇን ሁለት ጊዜ አንስታ መለሰችው። በሦስተኛው አንኳኳች። ባልየው ከፈተላት፤ አርጅቷል፤ ያወቃት በድምፅዋ ነው። «ግቢ» አላት፤ ገብታ ተቀመጠች። ውሃ አመጣላት፤ ጠጣች። ከዚያ ባልየው ፊት ለፊቷ ተቀመጠና «ለምን ሄድሽ?» አላት። ሚጢጢ እዚህ ደርሳ ቆመች። ገጹን አየችው፤ ገጹ ላይ የነበረው ስለ ድልድይ ነው። አፏን ከፈተች። አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ትታ የምትሄድበትን ምክንያት ሃያ ስድስት ዓመት ስትፈልግ ኖራ አንድም አላገኘችም፤ አሁን በአንድ ደቂቃ ከየት ታምጣው? ገጹን አገላበጠች። አባቷ ጠበቃት፣ ጠበቃት፤ በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ።

«መጽሐፉን ዝጊው» አለ።

ዘጋችው።

«በመጽሐፉ ከተመለሰች፣ ሂጂ እናትሽን ፈልጊያት ልልሽ ነበር» አለ። «ሰው ሃያ ዓመት ቆይቶ ይመለሳል ማለት ነው ብዬ። ለዚያ ነው ያስነበብኩሽ።»

«የት ብዬ ልፈልጋት አባዬ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ሻንጣ አልያዘችም።»

ሚጢጢ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። «ቁም ሳጥኑ ባዶ ነበር እኮ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በየመሃሉ እየሳለ ተናገረ። ሰኞ ማታ ተጣልተው ነበር፤ እሷ ስትናገር አመሸች፣ እሱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ማክሰኞ ጠዋት «መጣሁ» ብላው ወጣች። ቀና ብሎ አላያትም። አልተመለሰችም። በነጋታው ጎረቤታቸው የነበረች ሴትዮ ገበያው ጋ አንድ ሰውዬ ደግፎ መኪና ሲያስገባት አየሁ አለችው። እሱ በልቡ የያዘው ሰውየውንና መኪናውን ብቻ ነው፤ ደግፎ መባሉን አላሰበበትም። ያሰበበት ሌሊት ተኝቶ ነው፤ ያውም ከወራት በኋላ። ጤነኛ ሴት ምን ሆና ትደገፋለች? ሆስፒታሉ ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው። አልሄደም። «ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለ። «ሚስቴ ከሰው ጋር ሄዳለች፣ እናንተ ጋ መጥታለች ወይ ልበል? እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።» ዓርብ ዕለት ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች የሚስቱን ልብስ ጠቅልሎ ለልብስ ለዋጭ ሰጠ፤ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች እንዲባል። በዓመቱ ሦስተኛው እጥፍ በማሽኑ ላይ መጣ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችውም ሴት ምንም ሳትይዝ ነው የወጣችው። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠራዦቹ ምሳ ላይ ስለዚያ መጽሐፍ ማውራት ሲጀምሩ ተነስቶ ይወጣ ነበር፤ መጨረሻውን እንዳይሰማ። አለቃ አንድ ቀን ተከትሎት ወጥቶ ጠይቆት ነግሮታል፤ ከአለቃ ሌላ የሚያውቅ የለም።

«ዛሬ ግን ሰማሁት» አለ።

ሚጢጢ ተነስታ መውጣት ፈለገች። መጮህ ፈለገች፤ ቁም ሳጥኑን ገፍታ መጣል፣ ጎረቤት መጥራት ፈለገች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የረገመቻት ሴት ምናልባት ሁለት ፌርማታ ላይ፣ የሚጠይቃት አጥታ፣ ስሟ ያልታወቀ ተብላ ተኝታ ነበር። ምናልባትም አልነበረችም፤ ምናልባት በእርግጥ ሄዳለች፤ ይህን እንኳ የሚያረጋግጥላት ሰው የለም። አባቷን ልትጠላው ፈለገች። አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ግን ሊጠሉት የሚበቃ ያህል እንኳ አልተረፈም፤ አጥንቱና ዓይኑ ነው የቀረው፤ ዓይኑም እያነባ ነበር። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ተመልሳ ተቀመጠች። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ራዲዮው ቆሟል፣ ብርሃኑ ከአልጋው ወደ ግድግዳው እየሸሸ ነው። ይህን ዝምታ ግን ሚጢጢ እንደ ድሮው ልትተወው አልቻለችም።

«ምን ለብሳ ነበር?» አለችው።

«ቡናማ ጉርድ» አለ ሳይቆይ። «አረንጓዴ ሹራብ፤ ክርኑ ተቀዶ በጥቁር ክር ሰፍታዋለች።»

«ጫማዋስ?»

«ጥቁር። ማሰሪያ የለውም። የግራው ተረከዙ አልቆ ነበር፤ ላሠራልሽ ብያት ረሳሁት።»

«ፀጉሯ?»

«ጎንጉናው ነበር። ሻሽ አላሰረችም። ነፋስ ነበረ ጠዋት ላይ።»

አንዱንም ለማስታወስ አላቅማማም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ ተዘጋጅቶ የኖረ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባልሄደባቸው የሆስፒታልና የፖሊስ ጣቢያ መስኮቶች ፊት በሐሳቡ ሲመላለስ የሚሰጠው መልስ። እናቷ ጠፍታባት ፖሊስ ጣቢያ የመጣች ይመስል ሚጢጢ በልቧ ተራ በተራ ያዘችው።

«ዕድሜዋስ?»

«ሠላሳ አንድ» አለ።

ሚጢጢ እናቷን ሁልጊዜ የምታስባት እንደ ትልቅ ሴት፣ የምታደርገውን ሁሉ አውቃና አስባ እንደምታደርግ፣ ከእሷ ብዙ እንደምትበልጥ ሴት ነበር።

«ከእኔ ታንሳለች» አለች።

«አዎ» አለ አባቷ። «ልጅ ነበረች።»